«ዮናስ» በእንግሊዞች መርከብ ላይ

ከዓመታት በፊት፣ ናይሮቢ ውስጥ ፊልም የሚያከራይ አንድ ወዳጄ «ማስተር ኤንድ ኮማንደር» ለተሰኘው የእንግሊዝኛ ፊልም በግርጌው የሚነበብ የአማርኛ ትርጉም እንዳዘጋጅለት ጠየቀኝ። ፊልሙ የወጣው በ2003 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ በናፖሊዮን ጦርነት ዘመን፣ በ1805፣ አንዲት የእንግሊዝ የጦር መርከብ የፈረንሳይን መርከብ ስታሳድድ የሚደርስባትን ይተርካል። በመካከሉ ነፋስ ይጠፋል። ሸራው ይረግባል፤ መርከቧ በባሕሩ ላይ እንደ ተተከለች ትቆማለች፤ መርከበኞቹም ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ ማየት ይጀምራሉ። ሰውየው ሆሎም የሚባል፣ ዕድሜው ገፍቶ ሳለ ገና እጩ መኮንን ሆኖ የቀረ፣ ማዘዝ የማይሆንለት ምስኪን ነው። መርከበኞቹ በሹክሹክታ የሰጡት ስም «ጆና» የሚል ነበር።

እኔም ቃሉን እንዳለ ወስጄ «ይህ ሰው ዮናስ ነው» ብዬ ጻፍሁ። ሥራውን ባስረከብሁ በማግሥቱ ወዳጄ ደወለልኝ። የወዳጄ ስም ዮናስ ነው።

«ሰውየው ሆሎም አልነበረም እንዴ? የኔን ስም ምን ብለህ አስገባኸው?» አለኝ።

ሳቅሁ። የእንግሊዝኛ ፈሊጥ መሆኑን፣ መርከበኞች መከራ የሚያመጣባቸውን ሰው በነቢዩ ስም እንደሚጠሩት ነገርሁት። እርሱ ግን አልሳቀም። «እንግዲያስ እነርሱ ስሜን በዚህ ነው የሚያውቁት?» ብሎ ዝም አለ። እናቱ በጾመ ነነዌ ሰሞን ስለ ወለደችው ያወጣችለት ስም እንደ ሆነ አውቃለሁ። ለዚህ ሰው የሚገባው መልስ ከአንድ መስመር ማብራሪያ የበለጠ ስለ መሰለኝ፣ የፈሊጡን ታሪክ ስከታተል ከረምሁ።

በመጀመሪያ ትርጉሙን እንለይ። በእንግሊዝኛ አንድ ሰው «ጆና» ሲባል ዕድለ ቢስ መሆኑን መናገር አይደለም። ዕድለ ቢስ የራሱ ነገር ያልቀናው ነው፤ ይታዘንለታል እንጂ አይፈራም። «ጆና» የሚባለው ግን መገኘቱ ብቻ ለባልንጀሮቹ መዘዝ የሚሆን ሰው ነው። እርሱ ደኅና ሆኖ ሌሎቹ ሊጠፉ ይችላሉ። ስለዚህም ቃሉ ስም ብቻ ሳይሆን የፍርድ መጀመሪያ ነው፤ ከተባለ በኋላ «ታዲያ ምን እናድርገው?» የሚል ጥያቄ ማስከተሉ አይቀርም።

ስሙ ራሱ በዕብራይስጥ «ርግብ» ማለት ነው። እኛ «ዮናስ» የምንለው በግሪኩ አጠራር ነው። የሚያስገርመው፣ በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱንም ይዞ ነበር፤ በብሉይ ኪዳን «ጆና»፣ በሐዲስ ኪዳን ደግሞ «ጆናስ» ይላል። ፈሊጡ የተወለደው ከመጀመሪያው ነው። ማለትም ክርስቶስ ምሳሌ አድርጎ ከጠቀሰው፣ ከዓሣ አንበሪ ሆድ በሦስተኛው ቀን ከወጣው ሰው ሳይሆን፣ ከኢዮጴ ወደብ ተሳፍሮ ከሸሸው ሰው ነው። መርከበኞቹ ከአራቱ ምዕራፎች አንዷን፣ ከእርስዋም ግማሿን ወስደው ሌላውን ትተውታል።

ያች ምዕራፍ የምትለውን ቀስ ብሎ ያነበበ ሰው ግን ፈሊጡ ምን ያህል እንደ ራቀ ያያል። ነቢዩ ወደ ነነዌ ሂድ ሲባል በተቃራኒው ወደ ተርሴስ የምትሄድ መርከብ አግኝቶ፣ ዋጋውን ከፍሎ ገባ። ማዕበሉ ሲነሣ መርከበኞቹ እያንዳንዳቸው ወደየአምላካቸው ጮኹ፤ መርከቢቱ እንድትቀልም መጀመሪያ የወረወሩት ዕቃውን ነው። ዕጣ ጣሉ፤ ዕጣውም በዮናስ ላይ ወጣ። ይሁንና ዕጣው ወጣ ብለው አልያዙትም፤ ሥራው ምን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ፣ ከየትኛው ሕዝብ እንደ ሆነ ጠየቁት። ጣሉኝ ብሎ የነገራቸው ራሱ ነው። እነርሱ ግን እንዲያም ብሎ እሺ አላሉም፤ ወደ ምድር ሊመልሱት አጥብቀው ቀዘፉ። ሲያቅታቸው ደግሞ የንጹሕ ሰው ደም እንዳይቈጠርባቸው ጸልየው፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ባሕር የሰደዱት። እነዚህ ሰዎች አረማውያን ነበሩ። በመጽሐፉ ውስጥ ከነቢዩ ይልቅ ርኅሩኆች ሆነው የሚታዩት እነርሱ ናቸው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፉ ከጾመ ነነዌ ሦስት ቀናት ጋር የተሳሰረ ነው፤ የምሕረት መጽሐፍ ነው እንጂ የመዓት አይደለም። ለሙስሊም ወንድሞቻችንም እንዲሁ ነው። በቁርኣን አሥረኛው ምዕራፍ በነቢዩ ዩኑስ ስም ይጠራል፤ የመርከቡና የዕጣው ነገር ደግሞ በሠላሳ ሰባተኛው ምዕራፍ ይገኛል። ስለዚህ በእኛ ምድር ልጁን ዮናስ ወይም ዩኑስ ያለ አባት መልካም ስም አወጣሁ ብሎ ነው የሚያምነው።

የእንግሊዝ መርከበኛ ለምን እንዲህ አጣመመው? ኑሮውን ማሰብ ይገባል። ከእንጨት በተሠራች ጠባብ መርከብ ለወራት ከአንድ መቶ ወይም ሁለት መቶ ሰው ጋር ይታጐራል። ነፋስ ከየት እንደሚመጣ የሚነግረው የለም። ምግቡ ይበሰብሳል፤ ባልንጀራው በማያውቀው በሽታ ድዱ አብጦ ይሞታል። መከራው ብዙ፣ ምክንያቱ ስውር በሆነበት ቦታ አእምሮ ባዶውን ቦታ በሰው መሙላት ይቀናዋል። ቄስ በመርከብ ላይ መኖሩ ገደ ቢስነት ነው የሚል እምነት በብዙዎቹ ዘንድ ነበር። ሴትም እንዲሁ ትፈራ ነበር። ይህን ያነበበ ሰው እንደ ተረት ሊያልፈው ይችል ይሆናል፤ የፍርድ ቤት መዝገብ ግን ተረት አይደለም።

በ1654 «ቻሪቲ» የተባለች መርከብ ከእንግሊዝ ተነሥታ በአሜሪካ ምድር ወደምትገኘው ወደ ሜሪላንድ ስትጓዝ ማዕበል አላላውስ አላት፤ ውኃም ታስገባ ጀመር። በተሳፋሪዎቹ መካከል ሜሪ ሊ የተባለች አሮጊት ነበረች። መርከበኞቹ ይህ ሁሉ በእርስዋ ምክንያት ነው ብለው አጕረመረሙ። የመርከቡ አዛዥ ቦስዎርዝ በመጀመሪያ እንቢ አለ፤ በቤርሙዳ ደሴት ሊያወርዳትም አስቦ ነበር፤ ነፋሱ ከለከለው። መርከበኞቹም ይዘው ሰውነቷን መረመሩ፤ ምልክት አገኘንባት አሉ። አዛዡ የፈለጋችሁትን አድርጉ ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። ሰቀሏት። ይህን ያወቅነው ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የነበረው ሄንሪ ኮርቢን የተባለ ወጣት ነጋዴ ሜሪላንድ ሲደርስ በሰጠው የምስክርነት ቃል ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1659፣ በሌላ መርከብ ላይ ኤሊዛቤት ሪቻርድሰን የተባለች ሴት በተመሳሳይ ክስ ተሰቀለች። በዚህ ጊዜ አንድ ከሳሽ ተገኘ፤ የቨርጂንያ ነዋሪ የሆነው ጆን ዋሽንግተን፣ የኋለኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጆርጅ ዋሽንግተን ቅድመ አያት ነው። የመርከቧን ባለቤት ነጋዴውን ኤድዋርድ ፕሬስኮትን ለሜሪላንድ አገረ ገዥ ከሰሰው። ክሱ በሐቅ ብቻ የተነሣ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ሁለቱ ከዚያ በፊት በንግድ ጉዞ ተጣልተው ነበርና። አገረ ገዥው ቀን ቈርጦ መጥተህ መስክር ቢለው፣ ዋሽንግተን በዚያው ቀን የልጄ ክርስትና ነው፣ እንግዶችም ተጠርተዋል ሲል መልስ ጻፈ። ነጋዴው ሴቲቱ በመርከቡ ላይ መሰቀሏን አልካደም፤ እኔ ተቃውሜ ነበር፣ አዛዡና መርከበኞቹ ሊያምፁብኝ ተነሡ እንጂ አለ። መስካሪ ስላልቀረበ በነጻ ተለቀቀ። እኔ ይህን መዝገብ ባሰብሁ ቍጥር የሚታየኝ የክርስትናው ድግስ ነው።

በሁለቱ ሴቶች ላይ የተጻፈው ቃል «ጠንቋይ» እንጂ «ጆና» አለመሆኑን መደበቅ አይገባም። ነገር ግን «ጆና» የሚለው ቃል ለመከራ አምጪ መጠሪያ ሆኖ በእንግሊዝኛ የገባው በዚያው በ17ኛው መቶ ዘመን ነው፤ አስተሳሰቡም አንድ ነው። ልዩነቱ ጠንቋይ የተባለችው ሠርታለች ተብላ መከሰሷ፣ «ጆና» የተባለው ግን ምንም ሳይሠራ በመኖሩ ብቻ መከሰሱ ነው። ምንም ሳይሠሩ መከሰስ ደግሞ ከባዱ ነው፤ አልሠራሁም ብሎ መከራከር አይቻልምና።

ፈሊጡ ወደ ድርሰት የገባው በዝግታ ነው። ዳንኤል ዴፎ በ1719 ባሳተመው «ሮቢንሰን ክሩሶ» ውስጥ ወጣቱ ክሩሶ የተሳፈረባት መርከብ ያርመዝ በተባለው ወደብ አጠገብ ከሰመጠች በኋላ፣ የመርከቢቱ አዛዥ የልጁን ታሪክ ሰምቶ በተርሴስ መርከብ ከነበረው ዮናስ ጋር ያመሳስለዋል፤ ከእንግዲህ ሺህ ፓውንድ ቢሰጠኝም ከአንተ ጋር በአንድ መርከብ እግሬን አላነሣም ይለዋል። ይህ ንግግር ለክሩሶ እንደ ትንቢት ሆኖ ይከተለዋል። ከዚያ በኋላ ሩድያርድ ኪፕሊንግ በ1897 ስለ አሜሪካ ዓሣ አጥማጆች በጻፈው «ካፕቴንስ ከሬጀስ» በተባለው ልብ ወለድ ነገሩ ጨዋታ ሆኗል፤ እዚያ ዓሣ አጥማጆቹ «ጆና» የሚሉት ሰውን ብቻ አይደለም፤ ልጅም፣ ባልዲም፣ የዓሣ መሰንጠቂያ ቢላዋም «ጆና» ሊሆን ይችላል። ቢላዋ ሲሆን ወደ ባሕር ቢጣል ማንም አይጐዳም። ቃሉ እየቀለለ የሄደው በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

በሃያኛው መቶ ዘመን እምነቱ በመርከብ ላይ ቢዳከምም ፈሊጡ ወደ የብስ ወጣ። በ2007 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ጎርደን ብራውን ሥልጣን በያዙ ማግሥት የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ፣ ተቃዋሚዎቻቸው «ጆና» የሚል ቅጽል አወጡላቸው፤ መልካም ዕድል የተመኙለት የስፖርት ቡድን ሁሉ ይሸነፋል እያሉም ያሾፉባቸው ነበር። ባንኮቹ የወደቁበት ምክንያት በሰነድ ተጽፎ ሳለ ነው ይህ የሆነው።

በአንጻሩ ቫዮሌት ጄሶፕ የተባለችውን ሴት እንመልከት። በሦስት እኅትማማች መርከቦች ላይ ታገለግል ነበር። «ኦሊምፒክ» በ1911 ከጦር መርከብ ጋር ስትጋጭ እዚያ ነበረች፤ «ታይታኒክ» በ1912 ስትሰጥምም ነበረች፤ «ብሪታኒክ» በ1916 በኤጅያን ባሕር በፈንጂ ስትመታም እንዲሁ። ከሦስቱም ተረፈች። ዛሬ ስሟ የሚነሣው የማትሰጥም ሴት እየተባለ በአድናቆት ነው። በዴፎ ዘመን ብትኖር ግን ከሁለተኛው አደጋ በኋላ የሚያሳፍራት መርከብ ባላገኘች ነበር። አንዱ ታሪክ ለአንዱ ዘመን ገድል፣ ለሌላው ወንጀል ነው።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። «ዮናስ» ካልሆነ በአማርኛ ምን ልበል? በመጀመሪያ የመጣልኝ «ገደ ቢስ» ነበር። ጥሩ ቃል ነው፤ ነገር ግን ማለዳ ስለሚያጋጥም ሰው ወይም ወፍ ያህል ነው፤ አይቶት የተመለሰ ሰው ከቤቱ ይውላል እንጂ ወፉን አያሳድድም። «እግረ ደረቅ» ይቀርባል፤ ሲገባ በረከት የሚወጣበት ሰው ነው፤ ተቃራኒው «እግረ እርጥብ» ነው። የሰራፕታዋ መበለት ልጇ ሲሞትባት በእንግድነት በተቀመጠው በነቢዩ ኤልያስ ላይ የጮኸችው ጩኸት የዚህ ዓይነት ነበር። ኤልያስ ያስነሣው ያ ልጅ ዮናስ ነው የሚል ትውፊትም አለ፤ እውነት ከሆነ ነቢዩ ከልጅነቱ ጀምሮ በዚህ ነገር መካከል ያደገ ነው ማለት ነው።

«ገፊ» የሚለውም አለን። ሲወለድ እናቱ የሞተችበት፣ ወይም ከተወለደ ወዲህ ቤተሰቡ ያለቀበት ልጅ ገፊ ይባላል። እኔ ያደግሁበት ሰፈር ገፊ የተባለ ልጅ ነበር፤ በሠርግ ቀን ዘመዶቹ ሙሽሮቹ ከመግባታቸው በፊት ወደ ጎረቤት ይልኩት እንደ ነበር አስታውሳለሁ። እንግሊዞቹን የምወቅስ እንዳይመስል ይህን ማንሣት ግድ ሆነብኝ። ይሁንና «ገፊ» ለሕፃን የተበጀ ቃል ነው፤ ጢም ላወጣ መኮንን አይሆንም።

በመጨረሻ የረጋሁት «ጦስ» ላይ ነው። በእነእርሱ ጦስ ተቀጣን፣ በአንተ ጦስ ዘገየን እንላለን። የቃሉ ሥር ግን ሌላ ነው። የጦስ ዶሮ በሕመምተኛው ራስ ላይ ትዞራለች፤ ጦስ ጥንቡሳስህን ይዛ ትሂድ ይባልባታል፤ ከዚያም ወደ መንታ መንገድ ትጣላለች። በኦሪት ዘሌዋውያን ወደ ምድረ በዳ የሚሰደደው ፍየል ዘመድ ነች፤ እንግሊዞች ለዚያ ፍየል የተለየ ቃል አላቸው፤ የፈጠረው በ1530 ኦሪትን የተረጐመው ዊልያም ቲንዴል ነው። ፍየሉም ዶሮዋም ንጹሓን እንደ ሆኑ ጣዩ ያውቃል። መርከበኛው ግን የሚጥለው ሰው ጥፋተኛ ነው ብሎ ያምናል። «ጦሰኛ» የሚለው ቃላችን ሁለቱን አጣምሮ ይዟል፤ መዘዝ አምጪ ተብሎ የተከሰሰውንም፣ በሌሎች ፈንታ የሚጣለውንም። በእንግሊዝኛው ውስጥ የተደበቀው የመጣል ነገር በአማርኛው ውስጥ ይሰማል። ተርጓሚ እንዲህ ያለ ቃል የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው።

መጣል ስል ግን በመጻሕፍት ብቻ የቀረ ነገር እንዳይመስል። በመጋቢት ወር 2021 ከጂቡቲ ጠረፍ ወደ የመን ሁለት መቶ ያህል ስደተኞችን የጫነች ጀልባ ተነሣች። ገና ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ተጓዘች አሻጋሪዎቹ ጭነቱ በዛ ብለው ሰማንያ ያህሉን ወደ ባሕር እየገፉ ጣሉ። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ቢያንስ ሃያ ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ፤ የተረፉት ኦቦክ ላይ ሕክምና አገኙ። እዚህ ዕጣም፣ ገድም፣ ነቢይም የለም፤ ክብደት ብቻ ነው። ቢሆንም የተርሴስ መርከበኞች መጀመሪያ የወረወሩት ዕቃ እንደ ነበረ ያነበበ ሰው ቅደም ተከተሉን ሳያስተውል አያልፍም።

ፊልሙን እንደገና አስተካክዬ ለወዳጄ ወሰድሁለት፤ አብረን አየነው። ሆሎም ሌሊት የመድፍ አሩር አቅፎ ራሱን ወደ ባሕር ይጥላል። በማግሥቱ አዛዡ ጸሎት ያደርስለታል፤ ነፋሱም መንፈስ ይጀምራል።

«ነፋሱ መጣ እኮ» አለ ወዳጄ።

ዳይሬክተሩ ሆን ብሎ ያደረገው ነው አልሁት፤ ተመልካቹ ከመርከበኞቹ ጋር ለአንድ አፍታ እንዲያስብ።

ወደ ኋላ መልሶ ያችን ትዕይንት ደገማት። «ጦሰኛ» የሚለው ከግርጌው ሲወጣ ጣቱን አሳረፈበትና፣ «ይኸኛው ይሁን» አለኝ። ከዚያም ዲስኩን አውጥቶ ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ ‘የታረመ’ ብሎ ጻፈበትና መደርደሪያው ላይ አኖረው።